የቺፕ ገበያ አገገመ እየተባለ የእኛ ፋብሪካ ለምን ጭር አለ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «አሜሪካ ውስጥ በአንድ የቺፕ ፋብሪካ የማሽን ቴክኒሻን ነኝ። የምናመርተው ለመኪናና ለኢንዱስትሪ ዕቃዎች የሚሆን ቺፕ ነው። ዜናው ሁሉ የቺፕ ሽያጭ ሪከርድ ሰበረ ይላል። እኛ ጋ ግን ኦቨርታይም ከቀረ ቆየ። ሁለት ሺፍት ተጨፍልቆ አንድ ሆኗል። የኮንትራት ሠራተኞች ተሰናብተዋል። እኔ ደግሞ ከደሞዜ እያስቆረጥኩ የኩባንያውን አክሲዮን እገዛለሁ። የቱን ልመን? ሥራዬስ ያሰጋል ወይ?»

እህቴ፣ በዓይንሽ ያየሽውን እመኚ። ዜናውም ግን አልዋሸም። ሁለቱም እውነት የሚሆኑት «የቺፕ ገበያ» የሚባል አንድ ገበያ ስለሌለ ነው። በአንድ ስም የሚጠሩ፣ ግን ደንበኛቸውም ዑደታቸውም የተለያየ ብዙ ገበያዎች አሉ። ያንቺው ከመጨረሻዎቹ ተርታ ነው የሚያገግመው።

ከቁጥሩ እንጀምር። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። በ2022 ዓለም ላይ የተሸጠው ቺፕ 574 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በ2023 ወደ 527 ቢሊዮን ወረደ። በ2024 ወደ 627 ቢሊዮን ዘለለ። 19 ከመቶ ዕድገት ነው፤ ያኔ ሪከርድም ነበር። ዜናው የሚያወራው ይህንን ነው።

አሁን ቁጥሩን ገለጥ አድርገን እንየው። በ2024 የተጨመረው 100 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነው። ሜሞሪ፣ ማለትም መረጃ የሚይዘው ቺፕ፣ ብቻውን ከ92 ቢሊዮን ወደ 165 ቢሊዮን ሄደ፤ ይህ 73 ቢሊዮን ነው። ሎጂክ የሚባለው ክፍል፣ ስሌት የሚሠራው፣ የኤአይ (የሰው ሠራሽ አስተውሎት) ሰርቨሮቹንም ቺፕ የያዘው፣ ወደ 34 ቢሊዮን ጨመረ። ሁለቱን ደምሪያቸው፤ 107 ቢሊዮን ይመጣል። ከጠቅላላው ዕድገት ይበልጣል። እንግዲህ የቀረው ሁሉ፣ ያንቺ ፋብሪካ የሚያመርተውን ጨምሮ፣ ተደምሮ ወርዷል ማለት ነው። ሪከርድ በተሰበረበት ዓመት!

ባንቺ መስመር ያሉትን ትልልቆቹን ተመልከቺ። የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ገቢ በ2022 ወደ 20 ቢሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2023 ወደ 17.5፣ በ2024 ወደ 15.6 ቢሊዮን ወረደ። ማይክሮቺፕ የባሰ ነው። በመጋቢት 2024 በተዘጋው የበጀት ዓመት 7.6 ቢሊዮን የነበረው ገቢው በቀጣዩ ዓመት 4.4 ቢሊዮን ሆነ። ከአንድ ሦስተኛ በላይ ገቢ በአንድ ዓመት ሄደ። በዚያው ጊዜ የኤአይ ቺፕ ሻጩ ኤንቪዲያ ከ61 ቢሊዮን ወደ 130 ቢሊዮን ተወነጨፈ። እነዚህን ሁሉ «የቺፕ ኩባንያዎች» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማጠቃለል ለእንዳንቺ ዓይነት ሠራተኛ ምንም አይጠቅምም፤ እንዲያውም ያሳስታል።

ያንቺው ክፍል ለምን ዘገየ? መልሱ ወደ 2020 ይወስደናል። ኮሮና ሲመጣ የመኪና አምራቾች የቺፕ ትዕዛዛቸውን ሰረዙ። መኪና የሚገዛ አይኖርም ብለው ነበር። ገዢው ግን በወራት ውስጥ ተመለሰ። እነሱ ተመልሰው ሲመጡ የፋብሪካው ወረፋ በላፕቶፕና በስልክ ቺፕ ተይዟል። በ2021 ተሠርተው ያለቁ መኪኖች አንድ ቺፕ ጎድሏቸው ሜዳ ላይ ተደረደሩ። ቺፕ አዝዞ ለመቀበል ከግማሽ ዓመት በላይ የሚጠበቅበት ጊዜ መጣ።

ስኳር ጠፋ ሲባል ሰፈራችን ውስጥ የሚሆነውን አስቢ። አንድ ኪሎ የሚበቃው ቤተሰብ አምስት ኪሎ ፈልጎ ሦስት ሱቅ ይሰለፋል። ስኳሩ ሲገባ የሁሉም ጓዳ ሞልቷል። ባለሱቁ ለሁለት ወር ገዢ አያይም፤ ሻይ መጠጣት ግን ማንም አላቆመም። የቺፕ ደንበኞችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ያንኑ ዕቃ ከሁለትና ከሦስት አከፋፋይ አዘዙ። አንዳንዱም የማይሰረዝ ውል ፈረመ። ዕቃው በ2022 እና በ2023 ተራ በተራ ደረሰና መጋዘኑን ሞላው። ከዚያ በኋላ ደንበኛው የሚጠቀመው ከራሱ መጋዘን እያወጣ ነው። እናንተ ጋ ትዕዛዝ አይመጣም።

ይህ ነጥብ ትልቅ ነው። አሁን የምታዪው የሽያጭ ቁጥር ከእውነተኛው ፍጆታ በታች ነው። የመኪናው ፋብሪካ ቺፕ እየተጠቀመ ነው፤ የሚጠቀመው ግን የዛሬ ሁለት ዓመት የሸጣችሁለትን ነው። ያ ክምችት ሲያልቅ ሌላ ምንም ነገር ባይሻሻል እንኳ ትዕዛዙ ይመለሳል። ስለዚህ ያንቺ ገበያ ሞቷል ብዬ አላምንም። ቀርፋፋ ነው፤ ሁለቱ ለየቅል ናቸው።

ታዲያ ሽያጩ የሚመለስ ከሆነ ኩባንያው ለምን ሰው ያሰናብታል? የፋብሪካውን ሂሳብ አንቺ ከውስጥ ታውቂዋለሽ፤ ከወጪው በኩል ላሳይሽ። አንድ ዌፈር፣ ቺፖቹ የሚሠሩበት ክብ የሲሊከን ዝርግ፣ ከገባ በኋላ በብዙ መቶ ደረጃዎች አልፎ ለመውጣት ሦስት ወር ያህል ይፈጅበታል። ዛሬ «አዲስ ዌፈር አታስገቡ» ቢባል ውጤቱ የሚታየው ከሩብ ዓመት በኋላ ነው። በዚህ ሁሉ መሃል የክሊንሩሙ (አቧራ የማይገባበት የማምረቻ ክፍል) አየር ሌት ተቀን ይጣራል፣ ውሃው ይጣራል፣ የማሽኖቹ ዋጋ በየወሩ ከሂሳቡ ይቀነሳል። ማሽኑ ሠራም ተኛም ወጪው ያው ነው። መስመሩ በግማሽ አቅሙ ሲሠራ የእያንዳንዱ ቺፕ ዋጋ ወደ ላይ ይወጣል። የሽያጭ ዋጋ ደግሞ በዚያው ሰሞን ይወርዳል።

ሥራ አስኪያጁ ከሁለት አንዱን ይመርጣል። አንደኛው መስመሩን እያስኬዱ ዕቃውን መከመር ነው። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ይህንን መረጠ። የ2024 መጨረሻ ሂሳቡ 4.5 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ክምችት ያሳያል፤ በቀን ሲሰላ ለ240 ቀን ገደማ ሽያጭ የሚበቃ። የሚያመርተው አናሎግ ቺፕ ለዓመታት ስለማይበላሽና ሞዴሉ ቶሎ ስለማይቀየር፣ ገንዘብም ስላለው፣ ይህንን ማድረግ ይችላል። ሁለተኛው መንገድ መስመሩን መዝጋት ነው። ማይክሮቺፕ በታኅሣሥ 2024 አሪዞና ቴምፒ ያለውን አንዱን ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታወቀ። ያንቺ ኩባንያ ሺፍት ከጨፈለቀ ወደ ሁለተኛው እያዘነበለ ነው። ግን ሺፍት መጨፍለቅና ፋብሪካ መዝጋት አንድ አይደሉም። ሺፍት የሚጨፈልቅ ሰው መስመሩን በኋላ እፈልገዋለሁ ብሎ ያሰበ ነው።

ሜሞሪው ለምን ቀድሞ ተነሳ የሚለውን ላብራራ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካው ሜሞሪ አምራች የማይክሮን የበጀት ዓመት ገቢ በ2022 ወደ 30.8 ቢሊዮን ዶላር ነበር። በ2023 ወደ 15.5 ቢሊዮን ተቆረጠ፤ ልክ በግማሽ። ኪሳራው 5.8 ቢሊዮን ደረሰ። በ2023 መጀመሪያ በዘጋው አንድ ሩብ ዓመት ብቻ የክምችቱን ዋጋ በ1.43 ቢሊዮን ዶላር ዝቅ አድርጎ መዘገበ። በመጋዘን ያለው ሜሞሪ ለመሥራት ከወጣበት በታች ስለሚሸጥ፣ ልዩነቱን ቀድሞ ኪሳራ ብሎ መዝግቦታል። በቀጣዩ ዓመት ገቢው ወደ 25 ቢሊዮን ተመለሰ።

ታዲያ ሕዝቡ ኮምፒውተርና ስልክ መግዛት ስለጀመረ ነው? አይደለም። በ2021 ወደ 350 ሚሊዮን የደረሰው የኮምፒውተር ሽያጭ በ2023 ወደ 260 ሚሊዮን ወርዶ ነበር። በ2024 የጨመረው 1 ከመቶ ብቻ ነው። ገዢው ብዙም አልተመለሰም። የተለወጠው አቅርቦቱ ነው። ማይክሮን በ2022 መጨረሻ የሚያስገባውን ዌፈር በ20 ከመቶ እንደሚቀንስ አስታወቀ። የኮሪያው ኤስኬ ሃይኒክስም ቀነሰ። ሳምሰንግ ለወራት እምቢ ብሎ ቆይቶ፣ የሩብ ዓመት ትርፉ በ96 ከመቶ ሲወድቅበት፣ በሚያዝያ 2023 እጁን ሰጠ። ዲራም የሚባለውን ሜሞሪ በብዛት የሚያመርቱት ሦስት ኩባንያዎች ስለሆኑ፣ ሦስቱ ሲቀንሱ ዋጋው ተነሳ።

በዚያ ላይ ኤችቢኤም መጣ። ከኤአይ ቺፖቹ ጎን የሚቀመጠው፣ ተደራርቦ የሚሠራው ሜሞሪ ነው። ማይክሮን ራሱ እንደሚለው ያንኑ ያህል ሜሞሪ በኤችቢኤም ለማምረት ከተለመደው የኮምፒውተር ሜሞሪ (ዲዲአር5) ሦስት እጥፍ ያህል ዌፈር ይፈልጋል። ስለዚህ ለኤአይ የሚመረተው በጨመረ ቁጥር ለላፕቶፕ የሚተርፈው ያንሳል፤ የላፕቶፑም ሜሞሪ ይወደዳል። በዚህ ቀድሞ የተገኘው ኤስኬ ሃይኒክስ በ2023 ከመደበኛ ሥራው ወደ 7.7 ትሪሊዮን የኮሪያ ዎን ከስሮ፣ በ2024 ወደ 23.5 ትሪሊዮን ዎን አተረፈ።

ለዚህ ነው «ሜሞሪ አገገመ፣ እኛስ መቼ?» ብሎ ቀን መቁጠር የማይረዳው። ሜሞሪውን ያዳኑት ሦስት ሻጮች ናቸው፤ እጃቸውን ሰበሰቡ፣ ዋጋ ተነሳ። ያንቺን መስመር የሚያነሱት ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ገዢዎች ናቸው። የአሳንሰር አምራች፣ የሕክምና ዕቃ አምራች፣ የፓምፕ ፋብሪካ፣ የመኪና ኩባንያ። እያንዳንዱ የራሱን መጋዘን በራሱ ጊዜ ነው የሚጨርሰው። ሁሉም በአንድ ቀን አይነሳም።

እኔ በግሌ የሚያሳስበኝ የኤአይው ወገን ነው። እዚያ ያለው ገዢ በጣት የሚቆጠር ነው፤ ማይክሮሶፍት፣ አማዞን፣ ጉግል፣ ሜታና ጥቂት ሌሎች። ከእነዚህ ሁለቱ የግዢ በጀታቸውን ገታ ቢያደርጉ ክፍተቱን የሚሞላ ሌላ ደንበኛ በቶሎ አይገኝም። በአምስት ዓመት ርቀት ካየሁት፣ ብዙ ትናንሽ ደንበኛ ያለው ፋብሪካ ውስጥ መሥራትን እመርጣለሁ።

ያንቺም ወገን ግን ሥጋት አለበት፤ ልደብቅሽ አልፈልግም። ቻይና በበሰለው ቴክኖሎጂ፣ ማለትም እናንተ በምትሠሩት ዓይነት ቺፕ ላይ፣ ብዙ አዳዲስ ፋብሪካ አቁማለች። ደንበኛው ክምችቱን ጨርሶ ሲመለስ ወደ ቀድሞ ሻጩ ላይመለስ ይችላል። አሜሪካ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ በቻይና ቺፕ ላይ 50 ከመቶ ቀረጥ ጥላለች። ይህ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠውን ይጠብቅ ይሆናል፤ ቻይና ውስጥ ያለውን ደንበኛ ግን አያመጣም። ኩባንያሽ ከገቢው ምን ያህሉን ከቻይና እንደሚያገኝ ዓመታዊ ሪፖርቱ ላይ ተጽፏል። ፈልጊው።

አዝጋሚ ማገገም ማንን ይጎዳል? ታሪኩ ግልጽ ነው። በ2001 የዓለም የቺፕ ሽያጭ ከ204 ቢሊዮን ወደ 139 ቢሊዮን ተንኮታኮተ። የ2000ው ደረጃ የታለፈው በ2004 ነው። በእንደዚህ ዓይነት ጊዜ ኩባንያ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ በክፉው ዓመት አይደለም፤ ማገገሙን ሲጠብቅ ነው። የጃፓኑ ኤልፒዳ የ2008ን ቀውስ በመንግሥት እርዳታ አልፎ፣ በየካቲት 2012 በ448 ቢሊዮን የን ዕዳ ወደቀ። ማይክሮን ገዛው። በቅርቡም ዎልፍስፒድን አየን። ለኤሌክትሪክ መኪና የሚሆን የሲሊከን ካርባይድ ቺፕ ለማምረት ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ትልቅ ፋብሪካ ሠራ። የመኪናው ፍላጎት እንደታሰበው ሳይፈጥን ቀረ። ፋብሪካው ሳይሞላ ዕዳው ወደ 6.5 ቢሊዮን ዶላር ደርሶ፣ በጁን 30 ቀን 2025 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ቀን እስኪያልፍ ያለፋል ይባላል፤ ዕዳ ያለበትን ደግሞ ከማልፋትም አልፎ ይጥለዋል።

ኢንቴል ሌላ መልክ ነው። በ2024 ወደ 18.8 ቢሊዮን ዶላር ከሰረ፣ 15 ሺህ ያህል ሠራተኛ እንደሚቀንስ አስታወቀ፣ ለባለአክሲዮኖች የሚከፍለውን የትርፍ ድርሻም አቆመ። የኦሃዮ ፋብሪካው ወደ 2030ዎቹ ተገፍቷል። የጀርመኑ ማግደቡርግ ቀርቷል። ብዙ ቤተ እስራኤላውያን በሚኖሩባት በእስራኤሏ ኪርያት ጋትም የ25 ቢሊዮን ዶላሩ ማስፋፊያ መቋረጡ በ2024 አጋማሽ ተዘግቧል። የኢንቴል ችግር የገበያ ብቻ አይደለም፤ በቴክኖሎጂም ተቀድሟል። ያንቺን ኩባንያ ከእሱ ጋር አታወዳድሪው።

ወደ ሥራሽ ልምጣ። መጀመሪያ የምትሠሪበት መስመር ስንት ሚሊሜትር ዌፈር እንደሆነ አስቢ። ኩባንያዎች ሲሰበሰቡ የሚዘጉት ትንንሾቹን ነው። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የመጨረሻዎቹን ባለ 150 ሚሊሜትር ፋብሪካዎቹን ለመዝጋት የወሰነው ምርቱን ወደ 300 ሚሊሜትር ለማዛወር ነው። ያንቺ መስመር 150 ከሆነ፣ ገበያው ቢያገግምም ሥራው ወደ ሌላ ሕንፃ ሊሄድ ይችላል። 200 ከሆነ መሃል ላይ ነሽ። 300 ከሆነ የመዘጋቱ ዕድል አነስተኛ ነው።

ቀጥሎ የሩብ ዓመቱን ሪፖርት አውጪና አንድ ሂሳብ ሥሪ። «ኢንቬንተሪ» የሚለውን ቁጥር ውሰጂ፣ ለዚያ ሩብ ዓመት ለተሸጠው ዕቃ በወጣው ወጪ አካፍዪ፣ በ90 አባዢ። ለምሳሌ ክምችቱ 900 ሚሊዮን፣ የሩብ ዓመቱ ወጪ 450 ሚሊዮን ቢሆን፣ 180 ቀን ይመጣል። ይህንን ላለፉት ስድስት ሩብ ዓመታት ሥሪው። ቁጥሩ ከፍ ያለ መሆኑ ብቻ አያስደንግጥሽ፤ አቅጣጫውን እዪ። ለሁለት ተከታታይ ሩብ ዓመት ከወረደ መጋዘኑ እየተከፈተ ነው። ሪፖርቱ ስለ አከፋፋዮች ክምችትም የሚለው ካለ ከዚያው ጋር አንብቢው፤ ቀድሞ የሚያልቀው የእነሱ ነው። በዚያው ሪፖርት ላይ ዕዳውንና የሚከፈልበትን ዓመት ተመልከቺ። ከሁለት ዓመት በታች ውስጥ የሚከፈል ብዙ ዕዳ ካለ፣ ጥሬ ገንዘቡም ካልሸፈነው፣ ያኔ ተጨነቂ።

ከማንም ተንታኝ ቀድመሽ የምታዪው ነገርም አለ። ማምረቻው ውስጥ የሆት ሎት ቁጥር ሲበዛ፣ ማለትም ወረፋ እየዘለሉ በጥድፊያ የሚያልፉ የዌፈር ጥቅሎች (ሎቶች) ሲበራከቱ፣ አንድ ደንበኛ መጋዘኑ ባዶ ሆኖበታል ማለት ነው። ተኝተው የነበሩ ማሽኖች እንደገና ፈትሹና ወደ ሥራ አስገቡ ከተባላችሁ፣ ትዕዛዝ እየመጣ ነው። ይህ ዜና ላይ የሚወጣው ከወራት በኋላ ነው።

ክፉው ቢመጣ እንኳ፣ የማሽን ቴክኒሻን ሙያ ከአንድ ኩባንያ ጋር የታሰረ አይደለም። አፕላይድ ማቴሪያልስ፣ ላም ሪሰርች፣ ኤኤስኤምኤል፣ ቶኪዮ ኤሌክትሮን ማሽናቸውን በየፋብሪካው የሚጠግን ሰው ይቀጥራሉ። ፊኒክስ ያለው የታይዋኑ ቺፕ አምራች ቲኤስኤምሲ አለ። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ዘመድ ካለሽ፣ ማናሳስ ቨርጂኒያ ያለው የማይክሮን ፋብሪካ ለመኪናና ለኢንዱስትሪ የሚሆን ሜሞሪ ያመርታል። ሲቪሽን ሥራ ሳለሽ አዘጋጂው። የሠራሽባቸውን ማሽኖች ስምና ሞዴል አንድ በአንድ ጻፊ፤ ቀጣሪው የሚፈልገው ይህንን ነው።

አክሲዮኑን በተመለከተ አስተያየቴ ቁርጥ ያለ ነው። ደሞዝሽም ጥሪትሽም በአንድ ኩባንያ ላይ መንጠልጠል የለባቸውም። ፋብሪካው ቢዘጋ ሁለቱን በአንድ ቀን ታጫቸዋለሽ። ለሠራተኛ በቅናሽ የሚሸጥ ከሆነ፣ ቅናሹም ሕጉ የሚፈቅደው 15 ከመቶ ከሆነ፣ መግዛቱን ቀጥዪ፤ ግን ለመሸጥ በተፈቀደልሽ የመጀመሪያ ቀን አብዛኛውን ሽጪና ገንዘቡን ሌላ ቦታ አስቀምጪ። ታክሱን አስቀድመሽ ባለሙያ ጠይቂ፤ የያዝሽበት ጊዜ ርዝመት ልዩነት ያመጣል። ቅናሽ ከሌለው እኔ ብሆን አቆም ነበር።

«ዋጋው አሁን ወርዷል፤ ሽያጩ ሲነሳ ይወጣል» ብለሽ ይሆናል። የአክሲዮን ገበያ ግን ሽያጩን አይጠብቅም። ባለፈው ዙር የቺፕ አክሲዮኖች ወለል የነካው በጥቅምት 2022 ነው። የዓለም ሽያጭ ወለል የነካው ግን በ2023 መጀመሪያ ነው። ጥሩው ዜና ጋዜጣ ላይ ሲደርስ ዋጋው ብዙውን መንገድ ሄዷል።

የክምችቱን ቀን ካሰላሽ በኋላ ስድስቱን ቁጥሮች፣ የዌፈሩን መጠንና ዕዳው የሚከፈልበትን ዓመት ጻፊልኝ። የኩባንያውን ስም አልፈልግም። አቅጣጫውን አብረን እናየዋለን።